የሽመልስ ፍሪሲዮን

ባለፈው ሳምንት ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጬ፣ ዳገቱን ስናጋምስ አንድ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬን ያዘኝ። የተቃጠለ ጎማ አይሉት፣ የተቃጠለ ፀጉር አይሉት፤ በሁለቱ መካከል ያለ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ፣ መጨረሻው ላይ ግን ትንሽ ጣፈጥ የሚል ነገር ነው። ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት ለመክፈት ተሻማ። አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ምን እየተቃጠለ እንደሆነ ረዳቱን ጠየቁት፤ እሱም ፊቱ ቅንጣት ሳይለወጥ "ከውጭ ነው እማማ" አላቸው። እኔ ግን መስኮቴን ዘግቼ በረጅሙ ሳብኩትና ብቻዬን ፈገግ አልኩ። አጠገቤ የነበረችው ተማሪ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አስጠግታ ወደ ዳር ሸሸች። አልፈርድባትም። ሰው ሁሉ በሚያስልበት መኪና ውስጥ ደስ ብሎት የሚተነፍስ ጎልማሳ ያስፈራል።

ሽታው የፍሪሲዮን ነው። የእህቴ ልጅ ሰሞኑን በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ገዝቶ፣ ከጳውሎስ እስከ አዲሱ ገበያ ሲያንሸራሽረኝ ይህንኑ ቃል ብጠራ "ፍሪሲዮን ምንድን ነው አጎቴ?" አለኝ። ጨው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ያህል ደነገጥኩ። ጎንበስ ብዬ እግሩ ሥር ባይ መርገጫው ሁለት ብቻ ነው፤ ግራ እግሩ እንደ ጡረተኛ ተዘርግቶ ተቀምጧል። በእኛ ጊዜ ግራ እግር ሥራ ነበረው። ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩንና ጎማውን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው አልኩት፤ ስትረግጠው ያለያያቸዋል፣ ስትለቀው ያገናኛቸዋል፤ ድንገት ከለቀቅከው ይጣሉና ሞተሩ ይጠፋል፤ አብዝተህ ካባበልካቸው ደግሞ መካከላቸው ያለው ሸራ ተቃጥሎ ሰፈሩን ያገማል። ልጁ ከጨዋነት ብዛት ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልገባውም። የሽመልስን ፍሪሲዮን ታሪክ ባወራለት ደግሞ ጭራሽ ዋሸህ ይለኝ ነበር። ከማወራው ግማሹን እንደማጋንን አልክድም፤ የሚገርመው ግን ሰዎች የሚያምኑኝ የተጋነነውን ግማሽ ነው።

ሽመልስ አብሮ አደጌ ነው። ጉለሌ ውስጥ ቤታችን አጥር ለአጥር ስለነበር እናቱ ሲቆጡት እኔ እሰማለሁ፣ እናቴ ስትቆጣኝ እሱ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ይስቃል። ዘመኑን በቁጥር ጠርቼ ከማንም ጋር አልከራከርም። ታክሲ በሳንቲም የምንሳፈርበት፣ ማኪያቶ በብርጭቆ ቀርቦ አንዱን ለሦስት የምንጠጣበት፣ የኮት ትከሻ በስፖንጅ ተሞልቶ ቀጫጫው ሁሉ ቦክሰኛ የሚመስልበት ጊዜ ነው። የእኔ ኮት ትከሻ ከመስፋቱ የተነሣ በር የምገባው በጎን ነበር። አዲሱ ገበያ መገንጠያው ላይ ሁለት ካሴት ቤቶች ፊት ለፊት ተፋጥጠው ይውላሉ፤ አንዱ የፍቅር ዘፈን ሲከፍት ሌላው የመለያየት ይከፍታል፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ የሚያቋርጡ ፍቅረኞች አስፋልቱ መሃል ሲደርሱ ይኮራረፉ ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራት በመብራት ሆኖ፣ የስልክ ቀፎ መሸጫ ተደርድሯል። ያምራል። የሚያጣላ ግን የለም።

የሽመልስ አባት የአንድ ኤምባሲ ሹፌር ነበሩ። አለቃቸው ወደ አገሩ ሲመለስ ይጋልባት የነበረችውን ስፖርት መኪና ለእሳቸው ትቶላቸው ሄደ። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ከማጠሯ የተነሣ ፍየል እንኳ ቁልቁል የምታያት መኪና ነበረች። ከኋላ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ወንበር አላት፤ የሠሩት ሰዎች ግን ሁለቱ ሰዎች እግር እንዳላቸው ዘንግተዋል። አባትየው ሲሞቱ ቤቱ የቀበሌ፣ ዕቃው የዘመድ ሆነና ለሽመልስ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። እሳቸው አጭር ሰው ስለነበሩ የሹፌሩ ወንበር ወደ ፊት ተስቦ ነበር። ሽመልስ የስልክ እንጨት የሚያህል ልጅ ሆኖ ሳለ ወንበሩን አንድ ጣት ወደ ኋላ አልገፋውም። ጉልበቱ መሪውን እየደገፈ፣ አገጩ ጉልበቱን እየነካ ይነዳል። ወደ ኋላ ሳበውና እንደ ሰው ተቀመጥ ስንለው "አባዬ ያስተካከለው ነው" ይላል። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀውም።

ይህ ልጅ ሽሮ ሜዳ የአባቷን ሸማ የምትሸጥ ብርነሽ የምትባል ልጅ ወደደ። መጀመሪያ ለእናቱ ነጠላ ሊገዛ ሄደ። በሳምንቱ ሁለተኛ ነጠላ ገዛ። እንዲህ እንዲህ እያለ እናቱ የአንድ ደብር መዘምራንን የሚያለብስ ነጠላ ስለተከመረላቸው ልጄ ምን ነካው ብለው ጠበል ሊወስዱት ሲሰናዱ ነገሩን ነገርኳቸው። ብርነሽ አፏ ስል ነበረ። ሽመልስ ጥበቡን እያገላበጠ ዋጋ ሲጠይቅ "አንተ ልጅ፣ ወይ ሱቁን ግዛው ወይ ሽማግሌ ላክ፤ ጨርቁን ጨረስክብኝ" ያለችው እኔ ፊት ነው።

ሽማግሌ ተላከ። ሦስቱ ሽማግሌዎች በታክሲ ቀድመው ሲወጡ ሽመልስ መኪናዋን ሊያሳይ ከኋላ ይከተላል። እኔ ከጎኑ አለሁ። ብርነሽ ቤት የሚያወጣው የሸማኔዎቹ መንደር ዳገት ላይ ስንደርስ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ሸራው ተበልቶ አልቋል፤ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ሽታው መንደሩን ሞላው። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ገብቷቸው ከታክሲያቸው ወረዱና ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው እየገፉ አወጡን። የብርነሽ አባት ጋሽ ሻንኮ በራቸው ላይ ቆመው አንድም ቃል ሳይናገሩ ተመለከቱ። ትልቅ ሸማኔ ናቸው፤ ዝምታቸው ራሱ ጥለት ነበረው።

ልጅቷን አልከለከሉም። ቡራኬው ሁሉ ካለቀ በኋላ ግን ሽመልስን ወደ በሩ ጠሩት።

"አባትህን አውቃቸው ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማር" አሉት። "ይቺ መኪና ግን ግማሽ በሯን የት ጣለችው? ልጅ ስትወልዱ ጣሪያው ላይ ልታስሩት ነው?"

ሽመልስ አንገቱን ደፋ።

"እንዲህ እናድርግ። በሠርጉ ቀን ከዚህ በር ተነሥታ፣ ማንም ሳይገፋት እስከ እህቴ እስከ ጮራሜ ደጅ ከወጣች ትኑርህ፤ ሁለተኛ ስሟን አላነሣም። አንድ እጅ ከገፋት ግን ሸጠህ ሚኒባስ ትገዛለህ። ሰው የምታሳፍርበት፣ እንጀራ የምትበላበት።"

"እሺ ጋሼ" አለ ሽመልስ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። 

መኪናዋን ወደ ደቻሳ ጋራዥ ጎትተን ወሰድናት። ደቻሳ ከእንጦጦ ማዶ ካለ ገጠር የመጣ፣ ሲደሰት በአማርኛ ሲናደድ በኦሮምኛ የሚናገር መካኒክ ነው። ጋራዡ ከአዲሱ ገበያ ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ሥር ነበር፤ ጣሪያው ቅጠል፣ ግድግዳው ከውጭ መጽሔት የተቀደደ የእሽቅድምድም መኪና ሥዕል ነው። ደቻሳ ስፖርት መኪና ነክቶ ስለማያውቅ ሲያያት ዘይት የነካ እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ። ካምቢዮውን ፈትቶ አወረደና አሮጌውን ሸራ አወጣ፤ የሸራው ፊት እንደ ምጣድ ጠቁሮ በዘይት ረጥቧል። አዲስ ስንገዛ መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ጥርስ ካምቢዮው ውስጥ ካለው ዘንግ ጥርስ ጋር ልክ መግጠም አለበት አለን። ስለዚህ ምን አደረግን? አንድ ድፍን የልብስ ሳሙና ገዛንና ዘንጉ ላይ ተጭነን የጥርሱን አሻራ ወሰድን። ብልሃቱ የሦስታችንም ስለነበር ሦስታችንም ኮራን። ሽመልስ ሳሙናውን እንደ ታቦት በጨርቅ ጠቅልሎ ቤቱ አሳደረው። ጠዋት ልወስደው ብሄድ እናቱ ግቢው ውስጥ ሽቅብ የተቆለለ ነጠላ እያጠቡበት ነው። የአሻራው ጥርስ ሁሉ ሟምቶ የሕፃን ድድ መስሏል። ለቅሶ ብቻ ነው የቀረን። እየተነጫነጭን ደቻሳ ዘንድ ብንመለስ እሱ ሻይ ይጠጣል፤ ብርጭቆውን ያስቀመጠው አሮጌው ሸራ ላይ ነው። ያ ሸራ መሃሉ ላይ ያ ቀዳዳ፣ ያ ጥርስ፣ ልክ እንደሚፈለገው አለው። ለካ ልኩ ራሱ እጃችን ላይ ነበረ። ሦስታችንም አየነው። ብርጭቆውን አነሣሁና ሸራውን በብብቴ ይዤ ሶማሌ ተራ ወረድን።

ሶማሌ ተራ የዚያን ጊዜ መለዋወጫ ከምድር የሚበቅል ይመስል ነበር። ብረቱ በየደጁ ተከምሮ፣ ነጋዴው ከክምሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ያናግራል። ሱቅ ለሱቅ ስንዞር ሸራችንን እያወጣን ልክ እንደ ሙሽራ ጫማ እንለካለን፤ አንዱ ጥርሱ ሲገጥም ስፋቱ ይበዛል፣ አንዱ ስፋቱ ሲስማማ ጥርሱ አይገባም። በመጨረሻ አንድ ወፍራም ነጋዴ ሁለት ፍሪሲዮን አውጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጠልን። አንዱ ተራ ነው፤ ከአሮጌው ጋር መንታ፣ ከቮላኖው ጋር ያለ ምንም ሥራ የሚገጥም። ሁለተኛው የእሽቅድምድም ነው። ጥርሱ ይገባል፤ ግን በሸራ ፋንታ ዙሪያውን ወርቃማ የብረት ቁርጥራጮች ተሰክተውበታል፤ መጫኛው ምንጭ ጠንካራ ነው፤ ሰፋ ስለሚልም ቮላኖው ላይ አዲስ የቡሎን ቀዳዳ መብሳት ይጠይቃል። ነጋዴው በጣቱ አንዱን ጠቆመና ይሄ መኪናችሁን ያስኬዳታል አለ፤ ሁለተኛውን ጠቆመና ይሄ ግን ያበራታል አለ። እስቲ ንገሩኝ፣ በዚያ ዕድሜ ላይ ያለ ማን ነው መሄድን የሚመርጥ? ዋጋው የሽመልስን የሠርግ ሙሉ ልብስ የሚያህል ስለነበር ሙሉ ልብሱን ከአጎቱ ሊዋስ ወሰነ።

እዚህ ላይ ቮላኖ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ከሞተሩ ጀርባ የሚሽከረከር ከባድ የብረት ሳህን ነው፤ ፍሪሲዮኑ የሚጣበቀው እሱ ላይ ነው። ክብደቱ ለሞተሩ ትዕግሥት ይሰጠዋል፤ ሹፌሩ እግሩን ሲያነሣ ሞተሩ ቶሎ እንዳይጠፋ እሱ እየተሽከረከረ ያቆየዋል። ደቻሳ ይህን ያውቃል፤ አያውቅም ብል ስሙን ማጥፋት ነው። ግን ግድግዳው ላይ ካለው መጽሔት አንድ ገጽ ላይ ቮላኖ በአራት በኩል ተገዝግዞ፣ ቀስት ተሠርቶበት፣ አጠገቡ ሰውየው ዋንጫ ይዞ ይስቃል። ደቻሳ ጽሑፉን ማንበብ አይችልም፤ ሳቁን ግን አንብቦታል። ለፍሪሲዮኑ ቀዳዳ ለመብሳት ብረት ወደሚላጭበት ቶርኖ ቤት መሄዳችን ካልቀረ እግረ መንገዳችንን እናቅልለው አለ፤ ሲቀልል ሞተሩ በቶሎ ይነሣል፣ ዳገቱን ይበላዋል። ሽመልስም ዳገቱ ብቻ ነበር የሚታየው። እኔም አጨበጨብኩ። ቶርኖ ቤቱ በር ላይ ቆመን ብረቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተጠቀለለ ሲወድቅ ስናይ፣ ሦስታችንም መኪናዋ ቀጭን ወገብ እያወጣች መሰለን።

ሙከራው እንጦጦ ላይ ነበር። ከታች ተነሥተን አንዴ ከያዘች በኋላ ወዴት እንደሄደች እኔ እንጃ። የባሕር ዛፉ ቅጠል ከኋላችን ረገፈ፤ አንድ አህያ ጭነቱን ጥሎ ጸለየ፤ ጆሮዬ ማርያም ደርሶ እኔ ገና ቁስቋም ነበርኩ። ሽመልስ ጉልበቱ መካከል ባለው መሪ ላይ ተጣብቆ ያለቅሳል፣ ይስቃል። ስንመለስ አዲሱ ገበያ መገንጠያው ላይ ተሽከርካሪ ቆሞ ነበርና ቆምን። ልንነሣ ስንል መኪናዋ እንደ ፌንጣ ዘለለችና ጠፋች። አስነሣት፤ ዘለለች፤ ጠፋች። ከኋላ ጥሩምባው ቀለጠ። በሦስተኛው ተነሥታ ሄደች። ደቻሳ ከኋላ ወንበር ላይ እግሩን ጣሪያው ሥር አጥፎ እንደተቀመጠ፣ ሽመልስ ስለተደሰተ እግሩ ተንቀጥቅጦ ነው አለ። አመንን። ደስታ ምን የማያሳምን ነገር አለ?

የሠርጉ ቀን መጣ። ሽመልስ የአጎቱን ሙሉ ልብስ ለበሰ፤ አጎቱ ሰፊ ሰው ስለነበሩ ልብሱ ከእሱ በፊት ይደርስ ነበር። እኔ ሚዜ ነኝ፣ ሹፌርም እኔ ነኝ፤ ሙሽራ የራሱን መኪና አይነዳም። ብርነሽ ከነቀሚሷ ኋላ ወንበር ውስጥ እንደማትገባ የታወቀ ስለሆነ ከእኔ ጎን ተቀመጠች። ሙሽራው ከኋላ ሄዶ እንደ ታጠፈ ጃንጥላ ተሰካ። ፊታችን ላይ ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን ትከሻው ላይ ጭኖ ወደ ኋላ እየተራመደ ይቀርጻል። ከበሮው ይመታል፤ ጋሽ ሻንኮ ነጭ ኩታቸውን አጣፍተው ከመኪናዋ ጎን ይሄዳሉ፤ ዓይናቸው የኋላ መከላከያው ላይ ነው። ውሉን ለመንደሩ ሁሉ ነግረዋል። ልጅ አዋቂው መኪናዋ ብቻዋን ትወጣለች ወይስ አትወጣም እያለ ተከራክሮ አድሯል።

ሳንሰማ ቀርተን አይደለም፤ አንድ ነገር ረስተን ነው። በዚያ መንደር ሙሽራ ከአባቷ በር ተነሥታ ዝም ብላ አትወጣም። የሠርግ ልብሷ የተሠራው በየቤቱ ነው፤ አንዱ ቤት ቀሚሷን፣ አንዱ ነጠላዋን፣ አንዱ የካባዋን ጥለት ሸምኖላታል። ስለዚህ በየደጁ ትቆማለች፤ ሸማኔው እግሩን ከመርገጫው አንሥቶ፣ ወደ ደጅ ወጥቶ፣ ጉንጯን ስሞ ይመርቃታል። ከዚያ ትነሣለች። ሌላ ደጅ ላይ ደግሞ ትቆማለች። እንግዲህ እኛ መኪናዋን ያዘጋጀነው አንዴ ተነሥታ እንድትበር ነው፤ ዳገት ላይ በየአምስት እርምጃው እየቆመች ቀስ ብላ እንድትነሣ አላሰብንም። ያ ተላጭቶ የቀለለ ቮላኖ ትዕግሥት የለው፤ ያ ባለ ብረት ፍሪሲዮን መካከለኛ ነገር አያውቅ፤ ወይ ጭራሽ አይዝም ወይ እንደ ውሻ ይነክሳል።

መጀመሪያው ደጅ ላይ ተመረቅን፤ እግሬን አነሣሁ፤ መኪናዋ ዘለለች፤ የብርነሽ አክሊል ዓይኗ ላይ ወደቀ፤ ሞተሩ ጠፋ። አስነሣሁ። ሞተሩን አስጩኼ በቀስታ ለቀቅኩ፤ መኪናዋ ከፊት እስከ ኋላ ተንዘፈዘፈች። ለሕዝቡ የገባው ሌላ ነው። መኪናዋ ጨፈረች አለ። ከበሮ መቺው ከመንዘፍዘፏ ጋር ምቱን አስተካከለ፤ አጃቢው ትከሻውን እንደሷ ይነቀንቅ ጀመር። በየደጁ እንዲያ ሆነ። በእኔ በኩል ግራ እግሬ ከምንጩ ጥንካሬ የተነሣ የእኔ መሆኑን ረስቷል፤ ሽታው ገብቷል፤ ጭሱ ከታች እየወጣ ነው። ብርነሽ ለካሜራው ፈገግ እንዳለች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ አናገረችኝ።

"ግርማ።"

"አቤት።"

"ሠርጌን ነው ወይስ ቅቤ ነው የምትንጠው?"

ከኋላ የሽመልስ ድምፅ ከጉልበቱ መካከል መጣ፤ ስንት ደጅ ቀረ አለ። አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። የእማማ ጮራሜ ደጅ ከሁሉም አቀበት በላይ፣ ሜዳው ጫፍ ላይ ነው። የጋሽ ሻንኮ ታላቅ እህት ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። የሙሽራ ከበሮ ሲሰሙ ወጥተው፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ ፀሐዩ ላይ ቆመዋል። ሙሽራዋ ሳትደርስ አልቀመጥም ብለው በርጩማውን እንደመለሱት ሰው ወርዶ ነገረን። ከዚያ ደጅ ወዲያ ማዶው ቁልቁለት ነው፤ አንዴ እዚያ ብንደርስ መኪናዋ ራሷ ትወርዳለች። የመጨረሻው ማዞሪያ ላይ ግን ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን አዞርኩ፤ ሞተሪኖው እንደ ታመመ ሰው አቃሰተ። ደግሜ አዞርኩ፤ ትክ አለና ዝም አለ። ባትሪው አልቋል።

ከበሮው ቆመ።  ያ ሁሉ ጎረምሳ፣ ያ ሁሉ ክንደ ብርቱ ሸማኔ፣ መኪናዋን ከብቦ ቆሟል፤ አንድ ጊዜ ቢገፋት እንጦጦ ያደርሳታል። ግን አንድም ሰው አልተጠጋም። ሁሉም እጁን ወደ ኋላ አጣምሯል። የሽመልስን መኪና ያሸጠ እጅ የእኔ እንዳይሆን ብለው፣ ሴቱም ወንዱም፣ ልጁም ሽማግሌውም እጁን ከጀርባው ይዞ ቆመ። ጋሽ ሻንኮ ራሳቸው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ኩታቸው ውስጥ ከተቱት። ቃላቸውን በአደባባይ ተናግረዋልና መመለሻ የላቸውም። ከላይ የእማማ ጮራሜ በትር መሬቱን ሲመታ ይሰማል።

"ወንበሩን እጠፍልኝ" አለ ሽመልስ።

"ቆይ እንጂ፣ ደቻሳ ሌላ ባትሪ ያመጣል፤ አሁን..."

"እሳቸው ፀሐይ ላይ ናቸው። አባዬም ቢኖር ይሄኔ ወርዶ ነበር። እጠፍልኝ በቃ።"

የእጅ ፍሬኑን ስቤ ወረድኩና ወንበሩን አጠፍኩለት። ተፈትቶ ወጣ። የአጎቱን ኮት አውልቆ ለእኔ ሊሰጠኝ ሲል መሪ እንደምይዝ ትዝ አለውና ለብርነሽ በመስኮት አቀበላት። እሷም ኮቱን ጭኗ ላይ አጣጥፋ እጇን ላዩ ላይ አሳረፈች። እኔን ወደ መሪው መለሰኝ። ዞሮ ከኋላ ሄደና ሁለት እጁን ቀዩ ብረት ላይ ዘርግቶ ገፋ። አንድ ሰው ዳገት ላይ መኪና ሲገፋ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩለት፤ መኪናዋ ግን ወደ ፊት አልተነቃነቀችም። እሱ ግን አላቆመም። በኋላ መስታወቱ ውስጥ የማየው ጭንቅላቱን ብቻ ነው።

ያኔ ጋሽ ሻንኮ ኩታቸውን አወለቁ። አጣጥፈው አጠገባቸው ለቆመች ሴት ሰጡና ከሽመልስ ጎን ሄደው ትከሻቸውን አስደገፉ። እሳቸው ከነኩ በኋላ ማን ይቆማል? የመንደሩ እጅ ሁሉ ከየጀርባው ወጣ። ቦታ ያጣው የሚገፋውን ሰው ገፋ። ከበሮ መቺው ከበሮውን በአንገቱ አንጠልጥሎ በግንባሩ ገፋ ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ፤ ተዉት። ጎማዎቹ ዞሩ። ያቺ ለመብረር የተዘጋጀች መኪና በሰው ትንፋሽ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ቀስ ብላ፣ ያለ አንድ መንዘፍዘፍ እስከ እማማ ጮራሜ ደጅ ወጣች። እንደዚያ ልስልስ ብላ ሄዳ አታውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልሄደችም።

ደጁ ላይ ስትቆም ጋሽ ሻንኮ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ሸሚዛቸውን አቧራና ቀይ ቀለም ነክቶታል። ወደ ሕዝቡ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ይህችን መኪና ሰው ሲገፋት ያየ አለ?"

ያ ሁሉ መዳፉ የቆሸሸ ሰው መሬት መሬት አየ። ከደጃፉ ላይ እማማ ጮራሜ በትራቸውን ከፍ አደረጉ።

"እኔ አላየሁም" አሉ።

ሳቁ ከሽሮ ሜዳ እስከ ጳውሎስ ተሰምቷል፤ ይህኛውን አላጋነንኩም። ብርነሽ ወርዳ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እሳቸውም ፊቷን በሁለት እጃቸው ዳብሰው፣ ትንሽ አልቅሰው፣ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ማዶው ቁልቁለት ስለነበር መኪናዋን ለቀቅናት፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ተነሣች፤ እስከ አዳራሹ ድረስም አላቆምኳትም፤ ትራፊክ ፖሊሱም ሙሽራ ናቸው ብሎ አለፈን። በሳምንቱ ደቻሳ አንድ ሙሉ ክብደት ያለው ቮላኖ ከሌላ መኪና ፈልጎ አገኘ፤ ያን ወርቃማ ፍሪሲዮንም አውጥቶ በተራው ተካው። መኪናዋ እንደ በሬ ታጋሽ ሆነች። ሽመልስና ብርነሽ ሦስት ልጆቻቸውን በዚያች ኋላ ወንበር ላይ እየደራረቡ አሳደጉ፤ ጣሪያው ላይ ማንም አልታሰረም። ጋሽ ሻንኮም እስኪሞቱ ድረስ ስሟን አላነሡም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወስዷቸው ግን ከፊት ካልሆነ አልቀመጥም ይሉ ነበር።

የሠርጉ ቪዲዮ ዛሬም አለ። ካሴቱን ልጆቹ ስልክ ላይ አስገልብጠውት በየበዓሉ ያዩታል። ቪዲዮ ቀራጩ ከበሮው ሲቆም ካሜራውን አጥፍቶ ጎማው ሲዞር ስለከፈተ፣ እሱም ከፊት ከፊት ሆኖ የሚገፋው ሁሉ ጎንበስ ስላለ፣ ከመኪናዋ ጀርባ ያለው ነገር አንዱም አልገባም። እኔ መሪውን ይዤ ላብ በላብ ሆኛለሁ፤ ብርነሽ ከጎኔ ኮት ታቅፋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ መኪናዋ ያለ ሞተር ድምፅ፣ ያለ ጭስ፣ ብቻዋን ያን ዳገት ትወጣለች። ትንሿ የልጅ ልጅ ባለፈው በዓል እዚህ ጋ ስትደርስ አስቆመችውና አያቷን በጣም ተቀይማ ጠየቀቻት፤ ጋሽ ግርማን ነው እንዴ ያገባሽው፣ አያዬ በሠርጋችሁ ላይ የት ሄዶ ነው አለች። ብርነሽ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

"እዚያው ነው። ከኋላ እየገፋ ነው" አለቻት።